«ከማን ሰማህ?» የኮሌጅ ተማሪዎች ምንጭን በትክክል እንዲጠቅሱ ማስተማሪያ መመሪያ

በየዓመቱ ግንቦት ሲደርስ አንድ ዓይነት ተማሪ ቢሮዬን ያንኳኳል። የመመረቂያ ጽሑፉን ለማስገባት ሁለት ቀን ቀርቶታል። አርባ ገጽ ጽፏል፤ በብብቱ የፎቶ ኮፒ ክምር ይዟል። «መምህር፣ ጽሑፉ አልቋል፤ የቀረኝ ምንጭ ማስገባት ብቻ ነው» ይለኛል። ክምሩን ተቀብዬ ሳገላብጥ ግማሾቹ ወረቀቶች ሽፋን የላቸውም። ከየትኛው መጽሐፍ እንደተቀዱ፣ ማን እንደጻፋቸው፣ መቼ እንደታተሙ እሱም አያውቅም፤ እኔም ልነግረው አልችልም። ይህ ልጅ ሌባ አይደለም። ምንጭ ማለት ጽሑፍ ካለቀ በኋላ እንደ ቴምብር የሚለጠፍ ነገር እንደሆነ አድርገን ያስተማርነው እኛ ነን።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ሐዋሳ ውስጥ የጽሑፍ ትምህርት ለሚሰጡና ተመራቂዎችን ለሚያማክሩ ባልደረቦቼ ነው። ሐሳቤ አንድ ነው፦ ምንጭ መጥቀስ የሚጀምረው ተማሪው ሲያነብ እንጂ ጽፎ ሲጨርስ አይደለም። ስለዚህ ነጠላ ሰረዝና ቅንፍ ከማስተማራችን በፊት ማስታወሻ አያያዝን እናስተምር። ከዚህ በታች የምዘረዝረው በአምስት የክፍል ጊዜ ያልቃል። መብራት ቢጠፋም ኢንተርኔት ባይኖርም በወረቀትና በእስክሪብቶ ይሠራል።

በመጀመሪያው ቀን ስለ ቅርጽ አታስተምሩ

በመጀመሪያው ቀን ስለ ቅንፍም ሆነ ስለ ዋቢ ዝርዝር አንዲት ቃል አልናገርም። ሰሌዳው ላይ «የሐዋሳ ሐይቅ ውሃ ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ ነው» ብዬ እጽፍና «ይህን የሰማ አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ እጅ ይወጣል። «ከማን ሰማችሁ?» ስል ግን ክፍሉ ይሞቃል። አንዷ ከአጎቷ ሰምታለች፤ አጎቷ ዓሣ አስጋሪ ነው። አንዱ ከሬዲዮ፣ ሌላው ከጂኦግራፊ መምህሩ ሰምቷል። አንዱ ደግሞ በሐይቁ ዳር ባለው «ፍቅር ሐይቅ» በሚባለው መዝናኛ በኩል ሲያልፍ ራሱ አይቻለሁ ይላል።

አራቱን መልሶች ሰሌዳው ላይ ለየብቻ አስቀምጬ እንመዝናቸዋለን። አጎትየው ስንት ዓመት አሰገሩ? የሬዲዮው ዘጋቢ ማንን ጠይቆ ነው? መምህሩ ያነበቡት ጥናት ውሃው የትና መቼ የተለካበት ነው? ራሱ ያየው ልጅ ያየው በክረምት ነው ወይስ በበጋ? ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ እኔ ልነግራቸው ያሰብኩትን ራሳቸው ይናገሩታል፤ አንድ ነገር የሚታመነው በተናጋሪው ልክ ነው፤ ተናጋሪው ካልታወቀ ሊመዘን አይችልም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ ለተማሪዎቻችሁም ይህንኑ ንገሯቸው። በአብነት ትምህርት ቤት የመጻሕፍት መምህር ሲያስተምሩ ቃሉን ያመጡበትን መጽሐፍ ጠርተው «እንዲል» ሳይሉ አያልፉም፤ በአንድምታውም «አንድም» እያሉ አንዱን ፍቺ ከሌላው ለይተው ያስቀምጣሉ። በእስልምና የሐዲስ አስተማሪም «ከእገሌ፣ እሱም ከእገሌ» እያሉ የነጋሪዎቹን ሰንሰለት ይቆጥራሉ። የዘመኑ ትምህርት ቤት ይዞት የመጣው ቅንፉንና ዓመተ ምሕረቱን ነው፤ ጥያቄው ግን ከጥንት ጀምሮ የእኛም ነበር።

በዚያው ቀን የትኛው ዓረፍተ ነገር ምንጭ እንደሚፈልግ ለዩ። ሐዋሳ ሐይቅ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ መሆኑን ማንም ስለሚያውቀው ዋቢ አያስፈልገውም። የሐይቁ ስፋት በካሬ ኪሎ ሜትር ስንት ነው ሲባል ግን የለካው ሰው ይጠየቃል። ቁጥር፣ የሰው አስተያየት፣ ክርክር ያለበት ታሪክ፣ የሌላ ሰው ሠንጠረዥና ካርታ ሁልጊዜ ምንጭ ይፈልጋሉ። ተማሪው ከተጠራጠረ ይጥቀስ፤ በዝቶ የተጠቀሰ ምንጭ ማንንም አልጎዳም።

የማስታወሻ ደብተሩ

ከሁሉ በላይ ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ በሙሉ በእሱ ላይ አውሉት።

መጀመሪያ የፎቶ ኮፒውን ነገር አስተካክሉ። ተማሪዎቻችን መጽሐፍ ገዝተው የሚያነቡት ጥቂት ናቸው። ከቤተ መጻሕፍት ተውሰው በግቢው በር ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንድ ምዕራፍ ያስቀዳሉ። ለዚህ አንድ ደንብ አለኝ፤ ምዕራፍ የሚያስቀዳ ሁሉ ሁለት ገጽ ይጨምራል። አንደኛው የውስጡ የርእስ ገጽ ነው፤ ሁለተኛው ከጀርባው ያለው አሳታሚው፣ ዓመቱና የኅትመቱ ተራ ቁጥር የሚገኝበት ገጽ ነው። ገንዘብ ካጠረ በስልክ ፎቶ ይነሣ። በግንቦት የምናየው ለቅሶ ግማሹ በእነዚህ ሁለት ገጾች ይቀራል።

ቀጥሎ ደብተሩ። ተማሪው ለእያንዳንዱ ምንጭ አዲስ ገጽ ይከፍታል። ከላይ የደራሲውን ሙሉ ስም፣ ርእሱን፣ ዓመቱን፣ አሳታሚውን ይጽፋል። ይህን ሳይጽፍ አንድ መስመር እንኳ ማስታወሻ አይዝም። ከዚያ ከእያንዳንዱ ማስታወሻ በስተግራ ሁለት ነገር ያኖራል፤ የገጽ ቁጥርና አንድ ፊደል። «ቃ» ማለት ቃል በቃል የተገለበጠ ነው፤ በትእምርተ ጥቅስ ይታጠራል። «ሐ» ማለት ሐሳቡ የደራሲው፣ አገላለጹ የተማሪው ነው። «እ» ማለት የእኔ የራሴ ሐሳብ ነው፤ እያነበብኩ የመጣልኝ ጥያቄ፣ ተቃውሞ ወይም ከሌላ መጽሐፍ ጋር ያገናኘሁት ነገር።

እነዚህ ሦስት ፊደላት ቀላል ይመስላሉ፤ ያለ እነርሱ ግን ከሁለት ወር በኋላ ደብተሩን የሚከፍት ተማሪ የትኛው ቃል የእሱ፣ የትኛው የደራሲው እንደሆነ መለየት አይችልም። ሳያውቅ የሰው ቃል የራሱ አድርጎ ያስገባል። በጽሑፍ ስርቆት ከተከሰሱት ተማሪዎች መካከል ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚህ ላይ እንደሆነ ከልቤ አምናለሁ።

ደብተሩን አይታችሁ ማረም አለባችሁ። ስድሳ ተማሪ ላለው ክፍል የሁሉንም ማየት ስለማይቻል ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ይተያዩ፤ እናንተ በየሳምንቱ የአሥሩን ውሰዱ። የማየው አንድ ነገር ነው፤ «እ» የተጻፈበት መስመር አለ ወይ? አንድም «እ» የሌለው ደብተር ያነበበ ሳይሆን የገለበጠ ተማሪ ደብተር ነው።

መጽሐፉን ዘግቶ መጻፍ

በራስ አገላለጽ መጻፍ ማለት ተመሳሳይ ቃላትን መተካት የሚመስላቸው ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ይህን በምሳሌ እንጂ በማብራሪያ ማስተካከል አይቻልም። ለልምምድ እኔው የጻፍኩትን ይህን ዓረፍተ ነገር አነብላቸዋለሁ፦

«በአሞራ ገደል ማለዳ የሚመጣ ገዢ ዓሣው ከጀልባ ሲወርድ ስለሚያይ በዋጋ ይከራከራል፤ ረፋድ ላይ የሚመጣው ግን በተባለው ዋጋ ይገዛል።»

የተለመደው የተማሪ ሥራ ይህን ይመስላል፦ «በአሞራ ገደል ጠዋት የሚመጣ ሸማች ዓሣው ከጀልባ ሲወርድ ስለሚመለከት በዋጋ ይደራደራል፤ አርፍዶ የሚመጣው ግን በተጠየቀው ዋጋ ይሸምታል።» ማለዳ ጠዋት ሆኗል፤ ገዢ ሸማች ሆኗል፤ የዓረፍተ ነገሩ አጥንት ግን አልተነካም። ከኋላው ምንጭ ቢጠቀስም እንኳ ይህ የደራሲው ዓረፍተ ነገር ነው።

አሁን ወረቀቱን አስገልብጣችሁ ሁለት ደቂቃ ስለ ሌላ ነገር አውሯቸው። ከዚያ «ጸሐፊው ምን አሉ? ለእናታችሁ እንደምትነግሩ አድርጋችሁ ጻፉ» በሏቸው። እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል፦ «ጸሐፊው የገዢውን የመከራከር ዐቅም ከሚመጣበት ሰዓት ጋር ያያይዙታል፤ ዓሣው ሲወርድ የተገኘ ሰው ዋጋ የማስቀነስ ዕድል አለው።» ሐሳቡ ያው ነው፤ ቃሉና አወቃቀሩ የተማሪው ነው፤ ምንጩ ግን አሁንም ይጠቀሳል። ሐሳቡ የሰው ነውና።

ትርጉምን ለብቻው አንሡ። ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ አንብቦ በአማርኛ የጻፈ ተማሪ «የተረጎምኩት እኔ ነኝ» ብሎ ምንጩን ይተወዋል። ቋንቋ መቀየር ባለቤት አይቀይርም። ተማሪው ራሱ የተረጎመው ምንባብ እንደ ቀጥተኛ ጥቅስ ሳይሆን በራስ አገላለጽ እንደተጻፈ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ትእምርተ ጥቅስ አያስፈልገውም፤ ምንጩን ግን በእጅጉ ይፈልጋል።

አማርኛችን የሚጥልብን ወጥመድ

በአማርኛ ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲጻፍ አንባቢው አራት መስመር ሙሉ የተማሪውን ሐሳብ የሚያነብ ይመስለውና «...በማለት ባሕሩ ዘውዴ ይገልጻሉ» የሚል ጫፍ ላይ ሲደርስ ይነቃል። መድኃኒቱ ስሙን ከፊት ማምጣት ነው፤ «እንደ ባሕሩ ዘውዴ አገላለጽ...»፣ «በዚህ ጉዳይ ላይ ባሕሩ ዘውዴ ሲጽፉ...»። አንባቢው ከመጀመሪያው የማንን ድምፅ እንደሚሰማ ያውቃል። የተጠቀሰው ሐሳብ የት እንደሚያበቃም እንዲታይ የተማሪው አስተያየት በአዲስ ዓረፍተ ነገር ይጀምር።

ግሶቹም ይመረጡ። «ይላሉ» ብቻ እየደጋገመ የሚጽፍ ተማሪ ደራሲዎቹን አልለያቸውም። ማስረጃ ያቀረቡ ያስረዳሉ፤ ተቃዋሚ ያላቸው ይሞግታሉ፤ በጨረፍታ የነኩት ይጠቁማሉ፤ ራሳቸው የለኩ ወይም የቆጠሩ ደረስንበት ይላሉ። ተማሪው ትክክለኛውን ግስ ለማግኘት ጽሑፉን እንደገና ማንበብ ይኖርበታል፤ እኔ የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

ስምና ዘመን

አሁን ወደ ቅርጹ መግባት ይቻላል። የትምህርት ክፍላችሁ የመረጠውን ስልት ተከተሉ፤ የታሪክ ክፍሎች የግርጌ ማስታወሻ ይመርጣሉ፤ ብዙዎቹ የማኅበራዊ ሳይንስ ክፍሎች የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበርን ስልት ይጠቀማሉ። የዚህ ሰባተኛው ኅትመት በ2019 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ ከግቢ ግቢ የሚዘዋወሩ ብዙ የማስተማሪያ ወረቀቶች ግን አሁንም በስድስተኛው ላይ የቆሙ ናቸው። ልዩነቱን ንገሯቸው፤ የመጽሐፍ የኅትመት ከተማ አሁን አይጻፍም፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ደራሲዎች ሲሆኑ ገና ከመጀመሪያው ጥቅስ ጀምሮ የአንደኛው ስም ተጽፎ «እና ሌሎች» ይባላል። አርባና ከአርባ በላይ ቃላት ያለው ቀጥተኛ ጥቅስ ያለ ትእምርተ ጥቅስ ገባ ብሎ ለብቻው ይቀመጣል። ቀጥተኛ ጥቅስ ሁሉ የገጽ ቁጥር ይኖረዋል።

ከዚህ የሚከብደው የእኛው ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። በውጭው ደንብ ስሙ ሲገለበጥ የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት «ታምራት፣ ታ.» ሆነው ይመጣሉ፤ ይህ አባታቸውን መጥቀስ ነው። በአማርኛ ጽሑፍ ኢትዮጵያዊ ደራሲ በራሱ ስም ጀምሮ በአባቱ ስም ይጻፋል፤ አይገለበጥም፤ በፊደል ተራም በራሱ ስም ይገባል። እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ ሪቻርድ ፓንክረስት ግን «ፓንክረስት፣ ሪቻርድ» ይሆናሉ። በአንድ ዝርዝር ውስጥ ሁለቱም ሥርዓት ጎን ለጎን መቆሙ ስህተት አይደለም።

ሁለት ቃል ሆነው አንድ ስም የሆኑትን አታስቆርጡ። ኅሩይ ወልደ ሥላሴን «ሥላሴ፣ ኅ. ወ.» ብሎ የጻፈ ተማሪ አጋጥሞኛል። ወልደ ሥላሴ፣ ገብረ ማርያም፣ ኃይለ ሚካኤል የማይለያዩ ስሞች ናቸው። «ዶክተር»፣ «ፕሮፌሰር»፣ «አቶ» የሚሉት ማዕረጎች በዋቢ ውስጥ አይገቡም፤ አክብሮቱ በግሱ ይታያል። የስሙ ፊደልም በሽፋኑ ላይ እንዳለ ይቀመጥ። ኃይሉ፣ ሀይሉ እና ሐይሉ ሲነገሩ አንድ ናቸው፤ በኮምፒውተር ሲደረደሩ ግን ሦስት ቦታ ይወድቃሉ። ተማሪው ሽፋኑን ካልተከተለ አንባቢው መጽሐፉን ሲፈልግ አያገኘውም።

ዘመኑ ሌላው መከራ ነው። በ2012 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ ከታኅሣሥ 22 በፊት ከሆነ በአውሮፓውያኑ 2019፣ ከዚያ ወዲህ ከሆነ 2020 ነው። ወሩ ካልታወቀ መቀየር መገመት ነው። ስለዚህ ዓመቱ በመጽሐፉ ላይ እንዳለ ይጻፍና «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለው ምልክት ፈጽሞ አይቅር። በአዋጆች ላይ ይህን የበለጠ ተጠንቀቁበት፤ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ በአማርኛ ቁጥር 1152/2011፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ 1152/2019 ተብሎ ይጠራል። አንድ አዋጅ ነው። ሁለት አዋጅ አድርጎ በዋቢ ዝርዝሩ ያስገባ ተማሪ አርሜያለሁ።

የተቋማትን ስምም ሰነዱ በወጣበት ጊዜ እንደነበረው ጻፉ። ከተማችን በቆዩ ሰነዶች «አዋሳ» ናት፤ ዩኒቨርሲቲውም ቀድሞ «ደቡብ ዩኒቨርሲቲ» ይባል ነበር። ሲዳማ ክልል የሆነው በ2012 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት በደቡብ ክልል ቢሮ የወጣን ሪፖርት የሲዳማ ክልል ሪፖርት ማለት አይቻልም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲካሄድም መሥሪያ ቤቱ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል ነበር፤ ዛሬ ሌላ ስም ቢኖረውም።

ቴሌግራም ምንጭ አይደለም

«ምንጭ፦ ጎግል»፣ «ምንጭ፦ ቴሌግራም» የሚል ዋቢ ባየሁ ቁጥር አንድ ምሳሌ እነግራቸዋለሁ። ዓሣ ከአሞራ ገደል ገዝታችሁ በባጃጅ ወደ ቤት ብትወስዱ፣ ዓሣው ከየት መጣ ስትባሉ ከባጃጅ ትላላችሁ? ቴሌግራም ባጃጁ ነው። ፋይሉን ከፍቶ ደራሲውንና አሳታሚውን መፈለግ ያስፈልጋል። ካልተገኘ ጽሑፉ ባለቤት የለውምና ለጥናት አይሆንም። መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ብዙ ጊዜ ቋሚ የዲጂታል መለያ ቁጥር አለው፤ እሱ ከተጻፈ አንባቢው በቀጥታ ያገኘዋል።

ያላነበቡትን መጽሐፍ መጥቀስ ሌላው ልማድ ነው። ተማሪው በአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሰ የታደሰ ታምራት ሐሳብ ያገኛል፤ ከዚያ መጽሐፉን ራሱ እንዳነበበ አድርጎ ይጠቅሳል። የመጀመሪያውን ማግኘት ካልቻለ «በእገሌ እንደተጠቀሰው» ይበል፤ በዋቢ ዝርዝሩም በእጁ የያዘውን ያስገባ።

እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ ፕሮግራሞች የሚሰጡትን ዋቢ ዝርዝር በተመለከተ ጥብቅ ነኝ። ደራሲው፣ ርእሱ፣ ዓመቱ፣ የመጽሔቱ ቅጽ ተሟልቶ ይመጣል፤ ስትፈልጉት ግን ጭራሽ የሌለ ሆኖ የሚገኝ አለበት። ተማሪዎችን በክፍል ውስጥ አስፈትኗቸው፤ ከተሰጡት ዋቢዎች አምስቱን ይዘው ወደ ቤተ መጻሕፍት ይሂዱና ያምጡ። አንዱን ፍለጋ ግማሽ ቀን የዞረ ተማሪ ሁለተኛ አይሸወድም።

ከሽማግሌዎች የተሰበሰበ ቃልም ምንጭ ነው። የተናጋሪው ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን በመረጃ አቀባዮች ሠንጠረዥ ይገባል፤ ስማቸው እንዲጻፍ መፍቀዳቸው ግን አስቀድሞ ይጠየቅ።

ዋቢዎችን በኮምፒውተር ለማደራጀት ዞተሮ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። የእኛን ስም ግን ለሁለት ከፍሎ ይገለብጠዋል፤ ስለዚህ ሙሉ ስሙ በአንድ ሳጥን እንዲገባ መቀየሪያውን አሳዩአቸው። ፕሮግራሙን ከማስተማራችሁ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ አሥር ዋቢ በእጁ ይጻፍ።

እርማትና ነጥብ

በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹ የየራሳቸውን ረቂቅና ሁለት ቀለም እስክሪብቶ ይዘው ይመጣሉ፤ ወረቀት ይለዋወጣሉ። በአንዱ ቀለም በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሰው እያንዳንዱ ስም በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጣሉ፤ በሌላው ደግሞ በዝርዝሩ ያለው ሁሉ በጽሑፉ ውስጥ መጠቀሱን። ያልተገኘ ስም በቀለሙ ይከበባል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ተማሪ ከጓደኛው ጽሑፍ ሦስት ጥቅስ መርጦ «ደብተርህን አሳየኝ» ይላል፤ ገጹና ፊደሉ ይታያል።

የተመሳሳይነት መለኪያ ፕሮግራም የሚሰጠውን መቶኛ እንደ ፍርድ አትውሰዱት። በትክክል የተጠቀሰ ረጅም ጥቅስ መቶኛውን ሊያወጣው ይችላል፤ ከእንግሊዝኛ በስርቆት የተተረጎመ ሙሉ ምዕራፍ ደግሞ ምንም ላያሳይ ይችላል። መቶኛው ከፍ ያለበትን ተማሪ ከመቅጣታችሁ በፊት ደብተሩን ይዞ እንዲመጣ ጥሩት።

እኔ ከሃያ የማርመው የቤት ሥራ ላይ ስምንቱን ነጥብ የምሰጠው ለደብተሩ ነው፤ አምስቱን በራስ አገላለጽ ለመጻፉ፣ አራቱን በጽሑፍ ውስጥ ላለው አጠቃቀስ፣ ሦስቱን ለዋቢ ዝርዝሩ። ነጠላ ሰረዝ የረሳን ተማሪ ግማሽ ነጥብ እቀንስበታለሁ። ደብተሩ ከጽሑፉ ጋር ተያይዞ ካልገባ ግን ጽሑፉን አልቀበልም፤ ደብተሩን ይዞ እስኪመለስ ድረስ አንድ ሳምንት እሰጠዋለሁ።